አራት ኤክሰለንት

ሥራ ለማመልከት በምንሞላው ፎርም ላይ «የቋንቋ ችሎታ» የምትል ሰንጠረዥ አለች። አማርኛና እንግሊዝኛ ወደ ታች፣ መስማት፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ ወደ ጎን ተደርድረው በየሳጥኑ «ኤክሰለንት»፣ «ጉድ» ወይም «ፌር» እንድንል ትጠብቀናለች። ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ ወዲህ ይህችን ሰንጠረዥ ስሞላ እጄ አንድም ጊዜ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። እንግሊዝኛ፦ መስማት ኤክሰለንት፣ መናገር ኤክሰለንት፣ ማንበብ ኤክሰለንት፣ መጻፍ ኤክሰለንት። አማርኛ ላይ ስደርስ ግን ቆም እላለሁ። ሃሌታው ሀና ሐመሩ ሐ ስለሚምታቱብኝ መጻፍ የሚለው ሳጥን ላይ ትሕትና ይይዘኝና «ጉድ» ብዬ አልፋለሁ። አፍ በፈታሁበት ቋንቋ ጉድ፣ አፌን በዘጋብኝ ቋንቋ ኤክሰለንት።

ደግነቱ ይህን የሚያጣራ የለም። ቃለ መጠይቅ የሚያደርገኝ ሰው ራሱ ያንኑ ሰንጠረዥ ሞልቶ ነው የተቀጠረው። «ቴል አስ አባውት ዩርሰልፍ» ብሎ በግርማ ይጀምራል፤ እኔም የሸመደድኳትን አራት መስመር በግርማ እመልሳለሁ፤ ከዚያ ቀድመን የተመካከርን ይመስል ሁለታችንም ቀስ ብለን ወደ አማርኛ እንገባለን። ማንም ማንንም አያጋልጥም።

ሰነፍ ነው ብላችሁ ግን እንዳትደመድሙ። ሰነፍ ብሆን ኑዛዜዬ አጭር ይሆን ነበር። ችግሩ ትጉህ መሆኔ ነው። እንግሊዝኛ ከልጅነቴ ጀምሮ እየተማርኩ ነው፤ አሁንም እየተማርኩ ነው፤ ጡረታ የምወጣውም ብዙ ልምድ ያለው ጀማሪ ሆኜ ነው። ለዚህ ቋንቋ ያልከፈልኩት መሥዋዕትነት ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ አፍ ከፍቶ መናገር። ሌላውን ሁሉ በጽናት ተወጥቼዋለሁ።

አጀማመሬ ክፉ አልነበረም። ደብረ ብርሃን፣ በዚያ የጠዋት ብርድ፣ መምህሩ ገና በሩን ገፋ ሲያደርግ ክፍሉ በሙሉ ብድግ ይላል። «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር!» በዜማ። «ጉድ ሞርኒንግ፣ ሲት ዳውን።» «ታንክ ዩ ቲቸር!» በዚህ ንግግር ላይ የእኔ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር። በሕይወቴ ሳልፈራ የተናገርኩት እንግሊዝኛ እሱ ነው። ምን ላርግ፣ ክፍል ሙሉ ልጅ አብሮኝ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነገሩ ከረረ። ሂሳቡም፣ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም በአንድ ክረምት ውስጥ እንግሊዝኛ ሆነው ጠበቁን። ስምንተኛ ክፍል «ብርሃን አስተፃምሮ» ስል የከረምኩ ልጅ «ፎቶሲንተሲስ» በል ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውም አልገባኝም ነበር፤ ቢሆንም አለመግባቱን ለምጄው ነበር። አዲሱን አለመግባት እንደገና መልመድ ግድ ሆነብኝ።

በዚያው ሰሞን ፕላዝማ መጣ። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ ትልልቅ ስክሪን ተሰቀለና ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይለቀቅልን ጀመር። የኛው መምህር መግቢያ የምትሆን ጥቂት ደቂቃ ተናግሮ ስክሪኑን ያበራና ጥግ ይይዛል። ከዚያ የፕላዝማው መምህር ያወርደዋል። የኛ ፊት አይታየው፣ እጃችን አይታየው፣ ትንፋሽ አይሰጥ። ድንገት ጥያቄ ይጠይቅና ጊዜ ይሰጠናል። እኛ «ምን አለ?» «ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?» እየተባባልን፣ አንዱ «ሲቪክስ ነው እንዴ ይሄ?» እያለ፣ ጊዜው ያልቃል። ሰውየው ፈገግ ይልና «ቬሪ ጉድ!» ይለናል።

ለእንግሊዝኛዬ ያገኘሁት የመጀመሪያ ምስጋና እሱ ነው። ጠባዬን ያበላሸውም እሱ ይመስለኛል። ሌላው ተማሪ «ማንን ነው ቬሪ ጉድ የሚለው?» ብሎ ሲስቅ እኔ ምስጋናውን ተቀብዬ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ዝም ብሎ መቀመጥና ቬሪ ጉድ መባል አንዴ ከለመዱት የሚለቅ ሱስ አይደለም። ዛሬም ስብሰባ ላይ ፈረንጅ ሲናገር ራሴን በዝግታ እየነቀነቅሁ የምሰማው፣ ከአሁን አሁን ቬሪ ጉድ ይለኛል ብዬ ነው። አንዳንዴም ይለኛል። ያኔ በፕላዝማው ዘመን መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ክፍሉ በደስታ ይጮኻል፤ ጥግ የያዘው መምህራችን ኮቱን አስተካክሎ ወደ ሰሌዳው ይመለሳል፤ ኖቱን በእንግሊዝኛ፣ ነገሩን በአማርኛ ይነግረናል። የገባኝን ያህል የገባኝ ለመብራት ኃይል ምስጋና ይግባውና በእነዚያ ቀናት ነው።

ፈተናውን በሽምደዳ ነው የተሻገርኩት። ኦስሞሲስ ምን እንደሆነ ኮማዋ ሳትዛነፍ እጽፋለሁ፤ «እስቲ በራስህ አባባል» ከተባልኩ ግን የራሴ አባባል የለኝም። አንዴ ለጓደኛ የሚጻፍ ደብዳቤ ሸምድጄ ገብቼ ለሥራ አስኪያጅ የሚጻፍ ደብዳቤ ቢመጣብኝ፣ ሥራ አስኪያጁን እናቱ ደኅና መሆናቸውን ጠይቄው ወጣሁ።

ከዚያ የመዝገበ ቃላት ዘመኔ መጣ። አባቴ ቤት አምሳሉ አክሊሉና ሞዝባክ ያዘጋጁት፣ በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ነበር። ከኤ እስከ ዜድ ልጨርሰው ማልኩ። ሲ መሐል ላይ ስደርስ ትምህርት ተከፈተና አቋረጥኩ። በሚቀጥለው ክረምት የቀደመውን ረስቼው ስለነበር ከኤ ጀመርኩ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። በዚህ የተነሳ የእኔ እንግሊዝኛ ሲን ተሻግሮ አያውቅም። «ቤኔቮለንት» እላለሁ፣ «ኮሞሽን» እላለሁ፤ አንዴ ለስልጠና በሄድኩበት ሆቴል ግን ፎጣ ለመጠየቅ የውጭ አገሯን አስተናጋጅ ፊት ለፊቷ ቆሜ ደረቴን በባዶ እጄ ማድረቅ ነበረብኝ። ታወል የሚጀምረው በቲ ነዋ፤ ማን እዚያ ደርሶ!

ስለ አባቴ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልናዘዝ። አባቴ የተማረው እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች፣ እኛ ፒስ ኮር የምንላቸው፣ ወደ 300 ሆነው በ1962 እ.ኤ.አ. አገራችን ሲገቡ አብዛኞቹ አስተማሪዎች ነበሩ። በኋላም በየዓመቱ ሌሎች ይመጡ ስለነበር አንደኛው አባቴን ለመደው። ኳስ አብረው ይጫወታሉ፣ አምባሻ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይስቃሉ። አባቴ ግራመር የሚባል ነገር ስለመኖሩ እርግጠኛ አይመስለኝም። ያለፈውንም የሚመጣውንም ባለበት ይናገረዋል። ሆኖም ወደ አንኮበር የሚሄድ ቱሪስት መንገድ ጠይቆት እንደሆነ፣ ሰውየው ከኛ ቤት ሦስተኛውን ቡና ሳይጠጣ አይሄድም። እኔ በዚያ ሰዓት ጓዳ ነኝ። ከጓዳ ሆኜ የአባቴን ስህተት እቆጥራለሁ።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ኃጢአቴ ያለው። እኔ እንግሊዝኛ አልናገርም፣ ሌላው ሲናገር ግን አርማለሁ። ያውም በልቤ ብቻ አይደለም። ስብሰባ ላይ አንዱ ባልደረባዬ ተነስቶ «ዊ ዲስከስድ አባውት ዚስ ኢሹ» ሲል አጠገቤ ያለውን በክርኔ ጎሸም አድርጌ «አባውት አይገባም» እላለሁ። ልክ ነኝ፤ አባውት አይገባም። ነገር ግን እሱ ሐሳቡን ተናግሮ፣ በጀቱን አስፈቅዶ ተቀመጠ፤ እኔ ልክ ሆኜ ቀረሁ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ የአትሌቶቹ ነው። አገር የሚያስጠራ ልጅ ዓለምን ጥሎ ገብቶ፣ ላቡ ሳይደርቅ ማይክ ይደቀንበታል። እሱም ያለችውን ትንሽ እንግሊዝኛ ሳይሰስት ያወጣታል፤ «አይ አም ቬሪ ሃፒ፣ ዊንድ ሊትል ፕሮብሌም፣ ባት አይ ዊን።» ነፋሱ እንዳስቸገረው፣ ቢሆንም እንዳሸነፈ፣ ደስ እንዳለው ዓለም በሙሉ ገባው። ያልገባው አንድ ሰው አለ፤ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ለቴሌቪዥኑ «ወን! ዊን ሳይሆን ወን!» የሚለው። የምስቀው ብቻዬን አልነበረም፤ ካፌ ስሄድም ካፌው ሙሉ አብሮኝ ይስቅ ነበር፤ በየመሥሪያ ቤቱ የሚኒስትር እንግሊዝኛ፣ የዲፕሎማት እንግሊዝኛ፣ የቆንጆዎች ውድድር ተሳታፊ እንግሊዝኛ በሻይ ሰዓት ይታረዳል። ሳይገባኝ የኖረው፣ ያ ሁሉ ሳቅ እኔው ላይ የተጠመደ ወጥመድ መሆኑ ነው። በሰው ስህተት እንዲህ የሚስቅ ሰው፣ ሌላውም በእሱ ስህተት እንዲህ እንደሚስቅ ያውቃል። ስለዚህ አይሳሳትም። ላለመሳሳት ደግሞ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ዝም።

ዝምታዬ አንድ ቀን ዋጋ አስከፈለኝ። አንድ የውጭ ድርጅት ሲቪዬን አይቶ፣ አራቱን ኤክሰለንት አምኖ፣ ከናይሮቢ በስልክ ቃለ መጠይቅ ላድርግልህ አለኝ። ነገ በሦስት ሰዓት ተባልኩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከረባት አስሬ (ለስልክ!) ቤቴ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልደወለም። ፈረንጅ ሦስት ሲል የኛ ዘጠኝ መሆኑን የማያውቅ የአምስተኛ ክፍል ልጅ የለም፤ እኔም አውቀው ነበር፤ ለፈተና ካልሆነ ግን ትዝ አይለኝም። ቀረ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ወጣሁ። ስልኩ የጮኸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሁለት ሰው በሚቀመጥበት ሦስተኛ ሆኜ ተጣብቄ ሳለ ነው። ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል።

ሴትዮዋ ጥሩ ሰው ነበሩ። «ካን ዩ ሂር ሚ?» አሉኝ። እኔም አገሬ እንዳስለመደኝ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ አዎ አልኩ። እቺ በትንፋሽ የምንላት አዎ ፊት ለፊት ላለ ሰው በቂ ናት፤ በስልክ ግን ናይሮቢ ድረስ አትሄድም። «ሄሎ? አር ዩ ዜር?» ሲሉ ደግሜ ሳብኩ። «ሄሎ?» ሦስተኛዋን ስስብ አጠገቤ ያሉት እናት «ልጄ አስም አለብህ?» አሉኝ።

በመጨረሻ «የስ» የምትለዋን በድምፅ አወጣኋት። ሴትዮዋ የረዳቱን ጩኸት ሰምተው ኖሮ «አር ዩ ኢን ሜክሲኮ ናው?» አሉኝ በመገረም። በመስኮት አየሁ። ሜክሲኮ አደባባይ ደርሰናል። ዋሽቼ አላውቅምና «የስ፣ አይ አም ኢን ሜክሲኮ» አልኩ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ በእጩዎች ዝርዝር ላይ አዲስ አበባ ተብሎ መጻፉን ነገሩኝ። «የስ» አልኩ። ሁለቱም እውነት ነው።

ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገቡና ከለጋሾች ጋር በቀጥታ ሠርተህ አታውቅም አይደል ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። እኛ እንዲህ ስንጠየቅ «አዎ፣ አላውቅም» ነው የምንለው፤ እኔም «የስ» አልኩ። «ኦ፣ ዩ ሃቭ?» «ኖ።» «ሶ ዩ ሃቭ ኖት?» «የስ።» ከዚህ በኋላ እሳቸውም እኔም ሠርቼ ይሁን ሳልሠራ እርግጠኛ መሆን አቃተን። ያ ሥራ ለማን እንደደረሰ አላውቅም። የስና ኖ የለየ ሰው እንዳገኘው እገምታለሁ።

የዚያን ቀን ማታ ለጓደኞቼ የሰጠሁት ማብራሪያ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። «ሌሎቹ አፍሪካውያን እንግሊዝኛ የሚችሉት ቅኝ ተገዝተው ነው። እኛ አልተገዛንማ!» ጠረጴዛው በአንድ ድምፅ ተስማማ፣ አንዱም ቢራ ጋበዘኝ። ዓድዋ ላይ የወደቁ ሰዎች የኔን ግራመር ለማስተባበል አለመውደቃቸውን የነገረኝ አልነበረም። ይቺ ምክንያት አገር የምታህል ስለሆነች ከኋላዋ መደበቅ ይመቻል። ያላስገባችኝ ቦታ የለም፤ አባቴ ፊት ግን አልሠራችም። እንዲያውም እሱን አሸንፈዋለሁ ብዬ ጃንሆይን ጨመርኩበት። በ1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ፣ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት፣ ንግግራቸውን ያደረጉት በአማርኛ አይደለም እንዴ? አልኩት። አባቴ ቡናውን ፉት ብሎ፣ «ጃንሆይማ ፈረንሳይኛውን አሳምረው እየቻሉት ነው በአማርኛ የተናገሩት። አንተ ምኑን እየቻልክ ነው ዝም ያልከው?» አለኝ። እንደ ልማዴ በትንፋሽ አዎ አልኩ።

ሁለተኛዋ ምክንያቴ የማስተማሪያ እጥረት ናት። በስልኬ ውስጥ ከቴሌግራም ያወረድኩት የግራመር መጽሐፍ ብዛት ፎቶ ማንሻ ቦታ አሳጥቶኛል። ከፍቼ ያየሁት ሽፋናቸውን ነው። በየመስከረሙ ደግሞ አዲስ ደብተር እገዛለሁ፤ ያሁኑ ጠንካራ ሽፋንና ዕልባት አለው፤ ከማማሩ የተነሳ በስህተት እንዳላበላሸው ብዬ ባዶውን አስቀምጬዋለሁ።

ይህን ደብተር ባየሁ ቁጥር ነቢይ መኮንን ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ባይለኝ በወደድኩ። ነቢይ በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ፣ በ1936 እ.ኤ.አ. የወጣው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» እጁ ገባ። ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ ነው። እንግሊዝኛ ለማያነቡት እስረኞች ሲል ተረጎመው። ደብተር አልነበረውም። የሲጋራ ፓኬት ውስጥ ያለችውን ወረቀት እየገለጠ፣ ጥቅጥቅ አድርጎ እየጻፈ፣ ወደ 3000 የሚሆኑ ቁራጮች ሞላ። የሚፈቱ እስረኞች እየደበቁ ያወጡለት ነበር፤ እሱም ከተፈታ በኋላ አሰባስቦ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ አሳተመው። እኔ መጽሐፉን ያነበብኩት በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛውን ስልኬ ላይ አውርጄዋለሁ።

ነቢይስ ነቢይ ነው፣ የተለየ ሰው ነው ብዬ ልጽናና ስል የባለቤቴ እህት ከቤሩት ተመለሰች። ስትሄድ ስምንተኛ ክፍል አልጨረሰችም ነበር። አሁን በስልክ ከቀድሞ ማዳሟ ጋር በዓረብኛ ትሳሳቃለች፣ ትቆጣለች፣ ስለቀረባት ደመወዝ ትከራከራለች። በዚያ ላይ ከማዳሟ ልጆች የለቀመችው እንግሊዝኛ አላት፤ ቤታችን የመጣ የኢንተርኔት ሠራተኛ ቻይናዊ አለቃውን በስልክ ሲያገናኘኝ እኔ ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ይዤ ስዞር ቀማችኝና ጨረሰችው። እንዴት ተማርሽው? አልኳት። ኮርስ፣ መጽሐፍ፣ ዘዴ ብትነግረኝ ልጽፈው ደብተሬን ሁሉ አምጥቼ ነበር። ግራ ተጋብታ አየችኝ። «ዝም ብል ማን ይናገርልኝ ኖሯል?» አለች።

ደብተሩ ላይ አልጻፍኩትም።

አሁን የማውቀውን ልንገራችሁ፤ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት፣ አስተማሪዬም እሷ ናት። የምትማርበት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ብቻ የሚወራበት ስለሆነ፣ እኛ ቤት ስትገባ አማርኛዋን ጫማዋን ካወለቀች በኋላ ነው የምታገኘው። የቤት ሥራዋን ላግዛት ስቀመጥ «አባዬ፣ ‹ዚስ› አይባልም፣ ምላስህን በጥርስህ መሐል አድርግ» ትላለች። ምላሴን አወጣለሁ። እስከዚህ ዕድሜዬ ከተሰጠኝ መመሪያ ሁሉ እቺን የምታህል ግልጽ የለም። ስሳሳት አትስቅም፤ ያ ነገር ገና አልደረሰባትም፤ ከኔ እንዳትወርሰው ነው የምፈራው። ሳልናገር ደግሞ ቬሪ ጉድ አትለኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት በእንግሊዝኛ ብቻ እናወራለን ብላ ደንብ አወጣች። አማርኛ ያመለጠው ሰው አሥር ብር ይከፍላል፤ ገንዘቡ ለአይስክሬም ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ልጄ ከአንድ ልጅ ሆድ በላይ የሆነ አይስክሬም አገኘች። ሁለተኛው ላይ ቀነሰ፤ የቀነሰውም ስለተሻሻልኩ ሳይሆን እንደ ድሮዬ ዝም ስላልኩ ነበር። ነቃችብኝና ዝምታም አሥር ብር ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው መናገር የጀመርኩት፤ ያለፈውን ባለበት፣ የሚመጣውንም ባለበት፣ ልክ እንደ አባቴ። ስለ መሥሪያ ቤቴ፣ ስለ ሚኒባሱ ረዳት፣ ስለ አያቷ ቡና አወራኋት። «ዊን» ስል «ወን» አለችኝ።

ባለፈው ዓርብ ማታ ግን ድካም ተጫነኝና «ቱሞሮው አይ ሃቭ ሚቲንግ» አልኳት።

«ኤ ሚቲንግ» ብላ አረመችኝ። ከዚያ ቀና ብላ «ዊዝ ሁ?» አለችኝ።

ከማን ጋር እንደሆነ ለመፍጠር ሞከርኩ። ስም፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምክንያት፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። መዋሸት ከምጠብቀው በላይ ቃላት ይፈልጋል፤ ቅዳሜን መጥቼ ተቀመጥኩ።